ቋ፣ መ፣ አ፦ በአንድ የጎንደር አሥረኛ ክፍል የታየ

ጉዳዩ የአንድ ክፍል ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት፣ ጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንዲት የሒሳብ መምህርት ከስልሳ በላይ ተማሪዎች ባሉበት የአሥረኛ ክፍል ሴክሽን ውስጥ «የዕድገት አስተሳሰብ» የሚባለውን ለማስተማር ተነሳች። ችሎታ ሲወለዱ ተለክቶ የተሰጠ ሳይሆን በልምምድ፣ በስልትና በሰው እርዳታ የሚያድግ ነው የሚለውን እምነት ማለቴ ነው። ለሲፒዲ (ለመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) የተግባር ምርምር አድርጋ ስለያዘችው የሚታዘብላት ባልደረባ ያስፈልጋት ነበርና እኔን ጠየቀችኝ። የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ሰዓት እየገባሁ ኋላ ዴስክ ላይ እቀመጥ ነበር። የምጽፈው እዚያ ያየሁትንና ከተማሪዎቹ ወረቀት ያነበብኩትን ነው። ስም አልጠራም።

ነጩ ወረቀት

መነሻው የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፋይናል ነው። ውጤቱ ዝቅተኛ ነበር፤ እሱ ማንንም አላስገረመም። መምህርቷን ያሳሰባት የወረቀቱ መልክ ነው። የምርጫ ጥያቄዎቹ አንድም ሳይቀሩ ተሞልተዋል፣ አብዛኞቹ በአቦሰጡኝ። ወርክ አውቱ፣ ማለትም አሠራሩ ተጽፎ የሚመለሰው ጥያቄ፣ ግን ነጭ ነው። ተሳስቶ የተሠራ እንኳ እምብዛም የለም፤ ጥያቄው ተገልብጧል፣ «መፍትሔ» ተብሎ ከሥሩ ተሰምሯል፣ ከዚያ በኋላ ምንም። ተማሪ ተሳስቶ ሲሠራ የት ላይ እንደጠፋበት ይታያል። ባዶ ወረቀት የያዘ መምህር ግን የሚያርመው ነገር የለውም።

ወረቀቱን ስትመልስ «ለምን አልሞከራችሁም?» ብላ ጠየቀች። ከአዘዞ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ሒሳብ አይገባኝም። ከድሮም አይገባኝ» አላት። አልተቆጣም፣ አላፈረም። የደም ዓይነቱን ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው ነው የተናገረው። ዙሪያው የተቀመጡትም ምንም አዲስ ነገር እንዳልሰሙ ዝም አሉ።

ይህን መልስ በስንፍና ከመተርጎም በፊት ልጆቹ ያለፉበትን ዘመን ማየት ተገቢ ነው። መጋቢት 2012 ላይ ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ አምስተኛ ክፍል ነበሩ፤ ክፍልፋይ ሥር የሚሰድበት ዕድሜ ነው። ሰባተኛ ክፍል በነበሩበት በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ክልላቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ስምንተኛን ጨርሰው ወደ ዘጠነኛ ሊሻገሩ ሲሉ፣ በ2015 ክረምት፣ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሲዘጋ ሲከፈት ነው የቆየው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደግሞ ከአማርኛ በቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነባቸው።

የብሔራዊ ፈተናው ዜና በዚህ ላይ ይጨመራል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ተማሪዎቹ እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ የተፈተኑት ታላላቅ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ናቸው። እንግዲህ «አይገባኝም» ያለው ልጅ ያየውን አይቶ ነው የደመደመው። ድምዳሜው ስህተት ቢሆንም ከሜዳ ተነስቶ አይደለም።

አንጎሌ ይደግ፣ ማርኩስ?

መምህርቷ መጀመሪያ ያደረገችው ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው፤ ነገረቻቸው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሒሳቡን ትታ በአማርኛ ስለ አንጎል አስተማረች፤ የነርቭ ሴሎች ግንኙነት በመማርና በመደጋገም እንዴት እንደሚጠናከር በሥዕል አሳየች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ድዌክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡትንም ጥናት ተረከችላቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ተከፍለው አንደኛው ቡድን የጥናት ዘዴ ብቻ ተማረ፤ ሁለተኛው በዚያ ላይ ችሎታ እንደሚያድግ ተጨምሮለት ተማረ። የመጀመሪያዎቹ የሒሳብ ውጤት ማሽቆልቆሉን ሲቀጥል የሁለተኛዎቹ ማሽቆልቆሉን አቆመ።

ልጆቹ ወደዱት። እጅ እየወጣ ጥያቄ ጎረፈ። ከጥያቄዎቹ አንዱን አልረሳውም፦ «ቲቸር፣ አብሾ የጠጣስ?» የቆሎ ተማሪ አብሾ ጠጥቶ አንዴ የሰማውን አይረሳም የሚባለውን ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። «እሱ መርዝ ነው፤ እንዳትሞክሩት» ብላ አለፈችው። እኔ ግን ጥያቄው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የክፍሉን ልብ ያሳየ መሰለኝ። ዕውቀት ወይ ሲወለዱ ይሰጣል፣ ወይ በአንድ ጽዋ ይገባል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጨመር ነገር መሆኑ ግን ማንም አልታየውም።

ቀጥሎ በተሰጠው ቴስት ወርክ አውቱ እንደገና ነጭ ሆኖ መጣ። መምህርቷ ያን ሁሉ ካስተማረች በኋላ ምን እንደሆኑ ብትጠይቅ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ አንጎሌ ይደግ እሺ። ማርኩ ግን ሮስተር ላይ ተመዝግቧል» አለቻት። ሮስተር የውጤት መመዝገቢያው ነው።

የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃላችን «ታድጋላችሁ» ይላል፤ አሠራራችን «አበቃ» ይላል። ቴስት ይፈተናል፣ ይታረማል፣ ይመዘገባል፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ይጀመራል። ያልገባው ነገር ዳግም አይነሳም። ልጅ ደግሞ ከንግግርና ከአሠራር አንዱን ሊያምን ከሆነ የሚያምነው አሠራሩን ነው፤ አዋቂም እንዲያው።

ሦስቱ ፊደሎች

ከዚያ በኋላ መምህርቷ ስለ አንጎል ማውራት አቆመችና የአስተራረም ዘዴዋን ቀየረች። በወርክ አውት ላይ «ኤክስ» ማድረግ ቀረ። በምትኩ ከስህተቱ አጠገብ ከሦስት ፊደሎች አንዱን ትጽፋለች። የጥያቄው እንግሊዝኛ ካልገባው «ቋ»፣ ለቋንቋ። ስህተቱ ከታች ክፍል የመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ክፍልፋይ፣ የኔጌቲቭ ምልክት ወይም ቅንፍ መፍታት፣ «መ»፣ ለመሠረት። የአሥረኛ ክፍሉ ትምህርት ራሱ ከሆነ ያልገባው «አ»፣ ለአዲስ።

ፊደል ያገኘ ልጅ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የማረም መብት አለው። ስህተቱን ለይቶ ለምን እንደተሳሳተ በአማርኛ ይጽፋል፤ ከዚያ መምህርቷ ፊት ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ይሠራል። ከሠራው ካጣው ነጥብ ግማሹ ይመለስለታል። ሙሉው ለምን አይመለስም ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ «ያኔ ቴስቱን ማን ያጠናለታል?» አለችኝ።

ዋናው ብልሃት ግን ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ባዶ ለተተወ ጥያቄ ፊደል የለም፤ ፊደል ከሌለ መታረም የለም። ምንም ያልገባው ልጅ ቢያንስ ጥያቄው ምን እንደሚል በአማርኛ ይጻፍ፤ ያ ብቻ ፊደል ያስገኝለታል። እንዲህ ሲሆን ነጭ መተው ኪሳራ፣ ተሳስቶ መጻፍ ደግሞ ትርፍ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ባዶ የተወ ዜሮ ያገኛል፣ የተሳሳተም ዜሮ ያገኛል፣ የተሳሳተው ግን በዚያ ላይ ይሳቅበታል።

ፊደሎቹ ምን እንደሚያሳዩ የገባኝ በሎጋሪዝም ነው። በአንደኛው መንፈቅ ማለቅ ሲገባው ተንከባሎ የመጣ ምዕራፍ ነበር። ብዙ ልጆች የሁለት ቁጥሮች ድምር ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞቻቸው ድምር ነው ብለው ሠሩ። ስህተቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለአንዳንዶቹ «አ»፣ ለሌሎቹ «መ» ሰጠች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበርና ወረቀቶቹን ዘርግታ አሳየችኝ። «መ» ያገኙት ልጆች ሌላ ጥያቄ ላይ 3 ሲደመር 4 በቅንፍ ሆኖ ካሬ ሲደረግ 9 ሲደመር 16 ነው ብለዋል። እነዚህ የቸገራቸው ሎጋሪዝም አይደለም፤ ማንኛውም ነገር ቅንፍ ውስጥ ገብቶ ለሁሉም እኩል የሚታደል ይመስላቸዋል። ለእነሱ ሎጋሪዝምን አሥር ጊዜ ደግሞ ማስረዳት ዋጋ የለውም።

«ስህተት ነው» አላለቻቸውም፤ አስቆጠረቻቸው። 3 ሲደመር 4 ስንት ነው? 7። 7 በ7 ሲባዛ? 49። 9 ሲደመር 16ስ? 25። ከዚህ በኋላ ወደ ሎጋሪዝሙ፦ በ10 ቤዝ የ100 ሎጋሪዝም 2 ነው፤ የ100 ሲደመር 100 ሎጋሪዝም በእናንተ ስሌት 4 ይሆናል ማለት ነው። 4 ግን የማን ሎጋሪዝም ነው? የ10,000። 200 መቼ 10,000 ሆነ? እዚህ ላይ አንዱ ልጅ በራሱ ሳቀ። «አ» ያላቸው የሚያስፈልጋቸው ሁለተኛው ስሌት ብቻ ነበር፤ «መ» ያላቸው ሁለቱም።

ከአዘዞ የሚመጣው ልጅ ወረቀቶቹ ሲጠራቀሙ «ቋ» እና «መ» ሞልቶባቸው «አ» አንድ ብቻ ተገኘባቸው። በእረፍት ሰዓት ደረደረችለትና «እየው፤ አሥረኛ ክፍል ሒሳብ የተሳሳትከው አንዴ ነው። ሌላው የሰባተኛ ክፍል ነው» አለችው። «ሰባተኛ ክፍልማ መቼ ተማርን?» አላት። ከዚያ ቀን ወዲያ «አይገባኝም» ሲል አልሰማሁትም፤ የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ከየት እንደሚገኝ ነው የጠየቀው። ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዋሰችለት።

አንደኛ የምትወጣው ልጅ

ከባዱ ክፍል ደካሞቹ ዘንድ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የገጠመን ግን አንደኛ ከምትወጣው ልጅ ጋር ነው። ወረቀቷ ላይ ፊደል የለም። ሌሎቹ በእረፍት ሰዓት መምህርቷን ሲከቡ እሷ ዴስኳ ላይ ትቀራለች። መምህርቷ ማርክ የሌለው ከበድ ያለ ጥያቄ ብትሰጣት «ማርክ አለው?» ብላ ጠየቀች፤ እንደሌለው ስትሰማ ወረቀቱን መለሰች። ትሪጎኖሜትሪ ላይ አንድ «አ» ስታገኝ ደግሞ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ልታርምም አልመጣችም።

ድዌክ ከክላውዲያ ሙለር ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ይህችን ልጅ የሚያውቃት ይመስላል። የአምስተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሥራ ከሠሩ በኋላ ገሚሶቹ «ብልህ ናችሁ»፣ ሌሎቹ «ጥራችኋል» ተብለው ተመሰገኑ። ለብልህነታቸው የተመሰገኑት ቀጥሎ ቀላሉን ሥራ መረጡ፤ ከባድ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁም ከሌሎቹ ይልቅ አሳድገው የጻፉ ብዙዎች ነበሩ። ይህች ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ብልህ ስትባል ነው ያደገችው፤ ከዚያ ስም መውረድ ለእሷ ሞት ነው።

አባቷ መጡ። ጋቢ የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «መምህርት፣ የወደቀውን ሲያነሱ የቆመችውን እየጣሉብኝ ነው። ሰነፉ ሁሉ ማርክ ተመልሶለት ልጄ ላይ ሊደርስባት ነው» አሏት። «አባቴ፣ ልጅዎ አልወደቀችም። ያላወቀችውን ለሰው ማሳየት ግን ትፈራለች። ነገ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከእሷ የሚበልጥ ብዙ ያጋጥማታል፤ ያኔ ማን ይይዛታል?» አለቻቸው። አልተስማሙም፤ አመስግነው ግን ሄዱ።

ልጅቷን ትንሽ ያንቀሳቀሳት ሌላ ነገር ነው። በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን አደረጃጀታችን መሪው ሁልጊዜ ያው ጎበዙ ነው፤ ጎበዝ ያስረዳል፣ ሌላው ይገለብጣል። መምህርቷ መሪነቱን በጥያቄ አደረገችው፦ «አ» አግኝቶ ያረመ ልጅ ያንን ጥያቄ ለቡድኑ ያስረዳል። የተሳሳተበት ስለሆነ የት ላይ እንደሚሳሳቱ ያውቃል። ፊደል የሌለው ምንም አያስረዳም። አንደኛዋ የአዘዞው ልጅ ሎጋሪዝም ሲያስረዳ ቁጭ ብላ ማዳመጥ ግድ ሆነባት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁሉም ከወጣ ወዲያ ብቻዋን መጥታ ትሪጎኖሜትሪዋን አረመች። በሰው ፊት ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላደረገችውም።

ከክፍሉ ለማረም የመጀመሪያው ሆኖ የቆመው ማን ነበር? ዲያቆኑ። ዜማ ቤት የቆየ ልጅ ነው። ጮክ ብሎ ይሳሳታል፣ ሲታረም ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ፊቱ አይለወጥም። ነገሩ ከተማችን ውስጥ ድሮም ነበረ ማለት ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ሲቆጥር የዋለውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። እዚሁ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የዝማሬ ትምህርት) ሊያስመሰክር የመጣ ሰው ስንት ዓመት እንደፈጀበት ማንም ደረጃ አያወጣለትም፤ የሚጠየቀው ማድረሱን ነው። አለንጋውንና አብሾውን አልናፍቅም። ያልያዘውን ትቶ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ አለማድረጉን ግን ከዘመናዊው ክፍላችን ይልቅ የአብነት ትምህርት ቤቱ ጠብቆታል።

ስታፍ ውስጥ

መምህራኑ «ማርክ ማደል» አሉት። ከነቀፋቸው ገሚሱ ትክክል ነበር። ተማሪዎቹ የሚጽፉት ማብራሪያ ከደብተር ደብተር ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ኩረጃው ከመልሱ ወደ ማብራሪያው ዞረ። መምህርቷ ጽሑፉን ሰርዛ ፊት ለፊት የሚሠራው ብቻ እንዲቆጠር አደረገች። ጊዜውም አልበቃም። በአንድ ቴስት የምታርመውን ወርክ አውት ወደ ሁለት ቀነሰች፤ እንደዚያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋቷ ሄደ። የአንዲት መምህርት ቅዳሜ ላይ የቆመ አሠራር ለሌላው «አንተም እንዲህ አድርግ» ተብሎ የሚሰጥ አይደለም።

«ፈረንጅ ሀገር የሠራ እዚህ ምን ያደርጋል?» ያለም ነበር። እውነቱን ለመናገር እዚያም ተአምር አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመሩ ተመራማሪዎች በአማካይ የተገኘው ውጤት በጣም ትንሽ መሆኑን ጽፈዋል። በ2019 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት በ65 ትምህርት ቤቶች ወደ 12 ሺህ የሚሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ የኮምፒውተር ትምህርት የደካሞቹ አማካይ ውጤት ከፍ ያለው፣ ከፍተኛው 4 ገደማ በሆነበት ልኬት፣ በ0.1 ነጥብ ገደማ ነው። የተማሪዎቹ ወግ ከባድ ሥራን መሞከር በሚደግፍበት ትምህርት ቤት ለውጡ ይበልጥ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መምህሩ ራሱ ችሎታ ያድጋል ብሎ በማያምንበት ክፍል ትምህርቱ የሒሳብ ውጤት ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። እነዚህን ሳነብ የእኛ ልጅ ስለ ሮስተሩ የተናገረችውን በሌላ ቋንቋ የደገሙት ይመስለኛል።

ምን ተገኘ

የሴክሽኑ የሒሳብ አማካይ ከፍ ብሏል፤ ግን የተመለሰ ነጥብ ስላለበት እሱን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። የምቆጥረው ፋይናሉን ነው፤ ዲፓርትመንቱ ለሁሉም ሴክሽን አንድ ዓይነት ያወጣው፣ ማረም የሌለበት። ወረቀቶቹን ከሌሎቹ ሴክሽኖች ጋር አስቀምጬ ሳያቸው ነጭ የተተወ ወርክ አውት እዚህ በግልጽ ያንሳል። በትክክል የተሠራው ግን የዚያን ያህል አልጨመረም። ብዙዎቹ ሞክረው ተሳስተዋል። በተለይ «መ» የበዛባቸው ልጆች ውጤት ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ የሦስት ክፍል ጉድለት በአንድ መንፈቅ አይሞላም፣ በእምነት ደግሞ ጭራሽ። «ጣሩ» ብቻ ብሎ መሠረቱን አለማስተማር ልጁን በራሱ ላይ ማስፈረድ ነው።

የአዘዞው ልጅ 50 አልሞላም። ከሰዓት በአዘዞ–ፒያሳ መስመር የታክሲ ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ቅዳሜ መምጣት አይችልም፤ ያረመው ሁሉ በእረፍት ሰዓት የተገኘ ነው። ወርክ አውቱን በሙሉ ሞክሯል፤ ሎጋሪዝሙን አንድም ነጥብ አላጣበትም። በመሀል ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሲከፈት ካልተመለሱት ልጆች መካከል በየቴስቱ ለማረም ትሽቀዳደም የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች። ወዴት እንደሄደች ጓደኞቿም አልነገሩንም።

ሰኔ ላይ የሒሳብ ዲፓርትመንቱ ተሰብስቦ አሠራሩ ለ2018 በሁለት የዘጠነኛ ክፍል ሴክሽኖች እንዲቀጥል ተስማማ። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ የሚመለሰው ነጥብ ከግማሽ ወደ ሲሶ እንዲወርድ፣ የማረሚያውን ጥያቄ ደግሞ የክፍሉ መምህር ሳይሆን ሌላ መምህር እንዲያወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ክለሳ እንዲሆኑም ተወሰነ። መምህርቷ ሌላ አንድ ነገር ጠይቃ ነበር፤ ካርድ ሲሰጥ ደረጃ በወላጆች ፊት ጮክ ተብሎ እንዳይነበብ። የወላጆች ኮሚቴ አልተቀበለውም፤ ከተቃወሙት መካከል የአንደኛዋ አባት አንዱ ነበሩ።